የጥቁር መስታወት ቅጣት፦ አሽከርካሪው ምን ማወቅ፣ ምንስ ማድረግ ይገባዋል?

ጎንደር፦ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ወደ ደባርቅ የሚያቀና አሽከርካሪ የትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው የሚጠየቀውን አስቀድሞ ያውቃል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ እና የሦስተኛ ወገን መድን ናቸው። ሰነዱ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ግን አንዳንዱ አሽከርካሪ ባላሰበው ነገር ይቀጣል። ምክንያቱም በተሽከርካሪው መስታወት ላይ የተለጠፈው ጥቁር ላስቲክ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በሚኒባስ፣ በባጃጅ ወይም በጭነት መኪና ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሰው ግን መንጃ ፈቃዱ የተያዘበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ድንችና ገብስ ጭኖ ወደ ጎንደር ገበያ የሚሄድ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሲውል ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ምርቱን ያስጫነው አርሶ አደርም ይጎዳል። በሌላ በኩል ጥቁር መስታወት በደጋው መንገድ ላይ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህም ሕጉ ለምን እንደሚከለክል፣ የቅጣት ወረቀት የተቀበለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እና ቅሬታ ያለውም ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ጥቁር መስታወት ሲባል

በሰዎች ዘንድ “ጥቁር መስታወት” በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቀለሙ ጠቆር ያለ መስታወት ነው። ይህ በአብዛኛው በቤት መኪኖችና በትላልቅ የመስክ መኪኖች የኋላ መስኮቶች ላይ ይታያል። ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ በተሠራ መስታወት ላይ በኋላ በመኪና ጌጣጌጥ ቤት የሚለጠፍ ላስቲክ ወይም ፊልም ነው። በቁጥጥር ወቅት ብዙውን ጊዜ ጥያቄ የሚያስነሣው ይህ ሁለተኛው ነው።

የመስታወት ጥቁረት የሚለካው በሚያሳልፈው የብርሃን መጠን ነው። ከ100 እጅ ብርሃን 80 እጁን የሚያሳልፍ መስታወት ላይ 50 እጁን ብቻ የሚያሳልፍ ላስቲክ ቢለጠፍ ሁለቱ ተባዝተው የሚያሳልፉት 40 እጅ ይሆናል። “ላስቲኩ ቀለል ያለ ነው” ብሎ የገዛ ሰው ከጠበቀው በላይ የጠቆረ መስታወት የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ላስቲኩ በተለጠፈበት መስታወት ላይ ሌላ ላስቲክ ሲደረብ ደግሞ የሚያልፈው ብርሃን ከዚያም ይቀንሳል።

ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መስታወት ደንብ ቁጥር 43 አሽከርካሪው መንገዱን የሚያይባቸው መስታወቶች ቢያንስ 70 እጅ ብርሃን እንዲያሳልፉ ይጠይቃል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥራ ላይ የዋሉ ተሽከርካሪዎች የፊት መስታወት 75 እጅ፣ የፊት የጎን መስታወቶች ደግሞ 70 እጅ ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው፤ በኋላ መስታወቶች ላይ ግን ገደብ አልተጣለም። በናይጄሪያ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ጥቁር መስታወትን በመርሕ ደረጃ ከልክሎ በጤና ወይም በደኅንነት ምክንያት በፈቃድ እንዲሆን አድርጓል። የየአገሩ ልክ ቢለያይም በእነዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ የአሽከርካሪው እይታ መጋረድ የለበትም።

መስታወቱ ከፋብሪካ የጠቆረ መሆኑን ለማወቅ በአንዱ ጥግ ላይ የተቀረጸውን አነስተኛ ምልክት መመልከት ይበጃል። ምልክቱ የአምራቹን ስምና መስታወቱ ያለፈበትን የጥራት ደረጃ ይይዛል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት ከ70 እጅ በታች ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት “ቪ” የምትባለው የላቲን ፊደል ትታከልበታለች። በኋላ የተለጠፈ ላስቲክ ግን እንዲህ ያለ ቅርጽ በመስታወቱ ላይ የለውም፤ ጠርዙም በጥፍር ሲነካ ይታወቃል።

ለምን ይከለከላል?

የመጀመሪያው ምክንያት የመንገድ ደኅንነት ነው። የሰሜን ጎንደር መንገድ ደግሞ ምክንያቱን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ ቆላ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ በአንድ ወገኑ ገደል፣ በሌላው ዓለት ያለበት ነው። በክረምት ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው በንጹሕ መስታወት እንኳ ጥቂት ሜትር አሻግሮ ማየት ይከብዳል። በጠቆረ የጎን መስታወት በኩል ስፖኪዮ የሚመለከት አሽከርካሪ ከኋላው የሚመጣውን፣ በመታጠፊያው ጥግ የቆመውን ሰው ወይም የገደሉን ጠርዝ ዘግይቶ ያያል።

መዘግየቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ የዘገየ አሽከርካሪ ያን ያህል ርቀት ሳይቆም አልፏል ማለት ነው። ችግሩ አመሻሽ ላይና ሌሊት ይብሳል፤ ዕድሜው ለገፋ አሽከርካሪ ደግሞ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን በተፈጥሮ ስለሚቀንስ አደጋው ይጨምራል።

ሁለተኛው ምክንያት በመንገድ ዳር ያለውን ሰው ይመለከታል። በገበያ ቀን አህያ የሚነዳ አርሶ አደር፣ ከብት የሚያሻግር እረኛ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን መንገድ ከማቋረጡ በፊት የአሽከርካሪውን ፊት ይመለከታል። አሽከርካሪው አይቶኝ ይሆን? በእጁ ምልክት እየሰጠኝ ይሆን? የሚለውን የሚያውቀው በመስታወቱ በኩል ነው። መስታወቱ ሲጠቁር ይህ የዝምታ መግባባት ይቋረጣል።

ሦስተኛው የፀጥታ ምክንያት ነው። ውስጡ የማይታይ ተሽከርካሪ ለስርቆት፣ ለእገታና ለሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውር ሊውል ይችላል በሚል የፖሊስ አካላት በተለያዩ ጊዜያት በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ጥቁር ላስቲክ እንዲነሣ ሲያሳስቡ ቆይተዋል። ተቆጣጣሪው ፖሊስ ራሱም ወደማያየው ነገር ሲቀርብ ስጋት ይይዘዋል።

በሌላ ወገን ላስቲክ የሚያስለጥፉ ሰዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርድ አሽከርካሪ ሙቀቱ ይበረታበታል። ደገኛውም የፀሐዩ ጨረር እንደሚጎዳው ይናገራል። ይሁንና ጥቁረትና ጨረር መከላከል አንድ አይደሉም። ባለ ሁለት ንብርብር የሆነው የፊት መስታወት ጎጂውን የፀሐይ ጨረር አብዛኛውን በራሱ ይከላከላል። ለጎን መስታወትም ጨረሩን እያገደ ብርሃን የሚያሳልፍ ንጹሕ ፊልም በዓለም ገበያ አለ። ከፀሐይ ለመዳን መጨለም ግድ አይሆንም። የዓይን ወይም የቆዳ ሕመም ያለበት ሰው የሐኪም ማስረጃውን ይዞ ላስቲኩን ከማስለጠፉ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ እንጂ ለጥፎ በመንገድ ላይ መከራከር አያዋጣውም።

ክሱ ከየት ይመነጫል?

አሽከርካሪው የቅጣት ወረቀት ሲሰጠው በቅድሚያ ሊያውቅ የሚገባው የክሱን ሕጋዊ መሠረት ነው። መሠረቱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ነው። በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208/2003ን አውጥቶ በደንብ ቁጥር 395/2009 አሻሽሎታል፤ ከእነርሱ ቀጥሎም ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቷል። እነዚህ ደንቦች ጥፋቶችን በደረጃ ከፍለው ቅጣት ያስቀምጣሉ፤ የጥፋት መዝገብም ይያዛል። ስለዚህ ዛሬ የተከፈለ ቅጣት ዛሬ ብቻ አያበቃም፤ ጥፋቱ ሲደጋገም መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የተሽከርካሪ ምርመራ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዛል። ቦሎ የሚለጠፈውም ምርመራው ሲታለፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቦሎ የሚመሰክረው ተሽከርካሪው በምርመራው ዕለት ስለነበረበት ሁኔታ ነው። ከምርመራ በኋላ ላስቲክ ያስለጠፈ ሰው “ቦሎ አለኝ” ማለቱ አይረዳውም።

ሦስተኛው የፀጥታ መመሪያ ነው። የከተማ አስተዳደሮችና የፀጥታ አካላት እንደ ወቅቱ ሁኔታ ስለ ሰሌዳ፣ ስለ ሰዓት ገደብና ስለ መስታወት ማሳሰቢያ ያወጣሉ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ በከተማው ቢነገርም በየገጠር ቀበሌው ላለ ባለባጃጅ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ወደ ሌላ ከተማ ወይም ዞን የሚሻገር አሽከርካሪ በመናኸሪያ ወይም በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቁ ከብዙ እንግልት ያድነዋል።

ከላስቲክ ባሻገር በሚኒባስ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል መጋረጃ፣ በባጃጅ ጎን የሚወርድ ጥቁር ሸራ፣ በፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ሥዕልና ጽሑፍም እይታን እስከጋረዱ ድረስ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊያስነሡ ይችላሉ።

መንገድ ላይ ሲያስቆሙ

ፖሊስ ሲያስቆመው አሽከርካሪው ፍሬቻ አሳይቶ ከመንገዱ ጥግ ይቁም። መስታወቶቹን ዝቅ ያድርግ፤ ጊዜው ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራቱን ያብራ። ይህ ክብር ብቻ ሳይሆን የራሱንና የፖሊሱን ስጋት የሚቀንስ ጥንቃቄ ነው። ሰነዶቹን ከማውጣቱ በፊት ከየት እንደሚያወጣ መናገሩም መልካም ነው።

ጥፋቱ ሲነገረው በትሕትና ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የተከሰሰው በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው? ጥፋቱ የተገኘው በየትኛው መስታወት ነው? ቅጣቱ የሚከፈለው የት፣ እስከ መቼ ነው? የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ስለሚደነግግ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መጮኽ፣ መሳደብና መጋፋት ግን የመስታወቱን ጉዳይ ወደ ሌላ፣ ከበድ ወዳለ ክስ ይለውጠዋል።

ወረቀቱን ሲቀበል የሰሌዳ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የጥፋቱ ዓይነት በትክክል መጻፋቸውን ያንብብ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ረዳቱ ወይም ተሳፋሪ ያንብብለት። ፊርማ ከተጠየቀ የሚፈርመው ወረቀቱን ስለመቀበሉ ወይም ጥፋቱን ስለማመኑ መሆኑን ለይቶ ይፈርም። መንጃ ፈቃዱ ከተያዘም መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ሳይቀበል አይሂድ። ወረቀቱን ቀዶ መጣል ወይም አልቀበልም ማለት ቅጣቱን አያስቀርለትም።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ በእጅ መስጠት አይገባም። “እዚሁ እንጨርሰው” የሚለው መንገድ ርካሽ ቢመስልም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም በወንጀል ይጠየቃሉ። ደግሞም ላስቲኩ በመኪናው ላይ እንዳለ ስለሚቀር ቀጣዩ ኬላ ሌላ ጉቦ ይጠብቃል። ሕጋዊ ቅጣት የሚከፈለው በተፈቀደለት የገንዘብ መቀበያ ወይም በባንክ በኩል፣ በደረሰኝ ነው። ደረሰኙም መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ከሊብሬው ጋር ቢቀመጥ ይበጃል።

መክፈል ወይስ መቃወም?

ላስቲኩ በእርግጥ የተለጠፈ ከሆነና አንቀጹም በትክክል ከተጠቀሰ የሚያዋጣው በጊዜው ከፍሎ ላስቲኩን ማንሣት ነው። ቅጣት መክፈል ላስቲኩን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ሳይነሣ የቀረ ላስቲክ በሚቀጥለው ቀን እንደ አዲስ ጥፋት ሊያስቀጣ ይችላል። የመክፈያ ቀኑን ማሳለፍም ተጨማሪ ቅጣትና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ እንቅፋት ያስከትላል።

ለመቃወም የሚያበቁ ጠንካራ ምክንያቶችም አሉ። መስታወቱ ከፋብሪካ የመጣና በምርመራ የታለፈ ከሆነ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ወይም ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ስለ ሌላ ጥፋት የሚናገር ከሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብ አንቀጹ ከሚለው የሚበልጥ ከሆነ ወይም ላስቲኩ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ከነበረ ቅሬታ ማቅረብ ተገቢ ነው። “ሌሎቹ ለምን አልተቀጡም?” ወይም “በሌላ ከተማ አሳልፈውኛል” የሚለው ግን ደካማ መከራከሪያ ነው።

ማስረጃ የሚሰበሰበው በዕለቱ ነው። በቀን ብርሃን የመስታወቱን ፎቶግራፍ ከውጭና ከውስጥ ማንሣት፣ በጥጉ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ፣ የምርመራ ሰነዱን ቅጂ ማያያዝና አብረው የነበሩ ምስክሮችን መያዝ ያስፈልጋል። ማመልከቻው አጭር ይሁን። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን እንደተከሰሰ፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ፤ ምን እንዲደረግለት እንደሚጠይቅ ይገልጻል። አንድ ቅጂ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማኅተምና ቀን አስደርጎ ለራሱ ያስቀራል።

ማመልከቻው በቅድሚያ የሚቀርበው ወረቀቱን ለሰጠው የትራፊክ ፖሊስ ክፍል ኃላፊ ነው። በጎንደር ከተማ የከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በሌላ ወረዳ ደግሞ የየአካባቢው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። የቴክኒክ ጥያቄ ሲሆን የመንገድና ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ተሽከርካሪውን መርምሮ አስተያየት እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። በአስተዳደር መንገድ መፍትሔ ያጣ ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብቱን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ያረጋግጥለታል። የአስተዳደር በደል ሲደርስበት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ጉቦ ሲጠየቅ ደግሞ ለክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው ሰዎች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠቀም ይችላሉ።

ቅሬታ ማቅረብ ግን የመክፈያ ጊዜውን በራሱ እንደማያስቆም ማሰብ ጥንቃቄ ነው። ክፍያው እንዲዘገይለት የሚፈልግ ሰው ይህንኑ በማመልከቻው ላይ ለይቶ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ባለንብረቱና አሽከርካሪው

በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ ሥራ ላስቲኩን የሚያስለጥፈው ብዙ ጊዜ ባለንብረቱ ሲሆን የሚቀጣው ግን መሪውን የያዘው ሰው ነው። ጥፋቱም የሚመዘገበው በአሽከርካሪው ስም ነው። በዚህ የተነሣ ሠራተኛው “የጌታዬ መኪና ነው” ቢል ሰሚ አያገኝም። ሥራ ሲጀመር መስታወትን ጨምሮ ከተሽከርካሪው ሁኔታ ለሚመጣ ቅጣት ማን ኃላፊ እንደሚሆን ተነጋግሮ በጽሑፍ መያዝ ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። ያገለገለ መኪና ወይም ባጃጅ የሚገዛ አርሶ አደርም ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሞተሩንና ጎማውን እንደሚያይ ሁሉ መስታወቱንም ይይ፤ ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለም በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ።

ላስቲኩን ማንሣት

ላስቲክ ማንሣት ከባድ ሥራ አይደለም። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ መስታወቱ ሲሞቅ የላስቲኩን ጥግ ቀስ ብሎ መላጥ ነው፤ ሲሞቅ ሙጫው ይለሰልሳል። የቀረውን ሙጫ በሞቀ የሳሙና ውኃ አርሶ በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሣት ይቻላል። ጉም ለማድረቅ የሚያገለግሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉበትን የኋላ መስታወት ግን በምላጭ መፋቅ ሽቦዎቹን ይበጥሳቸዋል። ከተነሣ በኋላ መስታወቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ለኋላ ማስረጃ ይሆናል።

“በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል” የሚለው የአበው ብሂል የሚሠራው ለሁለቱም ወገን ነው። አሽከርካሪው ሲያስቆሙት እንደሚቆም ሁሉ የሚያስቆመውም በሕጉ ልክ ሊቆም ይገባል። አንቀጹን ጠቅሶ የሚቀጣ ፖሊስና አንቀጹን አንብቦ የሚከፍል ወይም የሚከራከር አሽከርካሪ ባሉበት መንገድ ላይ ጉቦም ጠብም ቦታ ያጣሉ። ሊማሊሞን የሚወርደው ሾፌርም፣ ከብቱን ይዞ በመንገዱ ዳር የሚጠብቀው እረኛም በጉሙ መካከል እርስ በርስ ይተያያሉ።